በፈረንሳይ ለጋሲዮን የከረመው የባሕር ትል

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መገናኛ አጠገብ ባለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ወንበር ላይ ተንጋልዬ አፌን ከፍቼ ሳለሁ፣ ሐኪሟ በጥጥ ነክራ ያቀረበችው መድኃኒት አፍንጫዬን አወደው። የቅርንፉድ ዘይት ነበር። ቅርንፉድማ በየቀኑ ሻዬ ውስጥ አለ፤ ዘይቱ ግን ሌላ ነው፤ ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ድረስ ይገባል። ሳላስበው እንባዬ በጆሮዬ ሥር ወረደ። «አመመዎት እንዴ እናቴ?» አለች ልጅቷ ደንግጣ። አፌ ተከፍቶ ምን እመልሳለሁ? እጄን ብቻ አወዛወዝኩላት። ያስለቀሰኝ ጥርሴ አልነበረም። ያን ዘይት ለመጨረሻ ጊዜ ያሸተትኩት ወጣት ሳለሁ ነውና፣ ከሽታው ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ረጅም ቀጭን ልጅና አንድ የባሕር ትል አብረው መጡብኝ።

ስሜ ሰናይት ነው። ጡረታ የወጣሁ የሥነ ሕይወት መምህርት ነኝ፤ አሁን የምኖረው መሪ ኮንዶሚኒየም ነው። ያኔ ግን ገና ተመርቄ እዚያው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በረዳትነት የተቀጠርኩ፣ ታኮ ጫማዬን ቤተ ሙከራ በር ላይ አውልቄ በነጠላ ጫማ የምሠራ ኮረዳ ነበርኩ። ታምሩም እንደኔው ረዳት ነበር። ሁለታችንም አንዲት መስኮት ባላት ክፍል ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ትል ላይ አቀርቅረን እንውላለን። ትሉን በቀይ ቀለም ነክረን የቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ስናሳድረው ሥጋው ጥርት ይላል፤ እንደ መስተዋት ውስጡ ያለውን ሁሉ ያሳያል። ሽታው ግን ፀጉሬ ላይ ይቀራል። በትንንሾቹ ሰማያዊ ታክሲዎች ተጠጋግተን ስንሄድ አጠገቤ የተቀመጡ ሴቶች ወደኔ ዞር እያሉ «ቅመም ከየት ነው የገዛሽው?» ይሉኝ ነበር። ታምሩ በሳቅ ይፈርሳል።

ስለዚያ ዘመን ሌላ ሰው ቢጠየቅ ማን ወረደ ማን ወጣ የሚለውን ይነግራችኋል። እኔ የማስታውሰው ከጉልበት በታች የሚሰፋውን ሱሪ ነው፤ ታምሩ የለበሰውን ሁሉ እህቱ ነበሩ የሚሰፉለት፣ እግሩም ረጅም ስለነበረ ሲራመድ ጨርቁ ብቻውን የሚሄድ ይመስላል። ፀጉሩ አፍሮ ነው፤ ማበጠሪያው ከኋላ ኪሱ አይለይም። በስሙኒ ሻይ ጠጥተን ቦምቦሊኖ እንበላለን። አራት ኪሎ አንድ ሙዚቃ ቤት በር ላይ ቆመን አዲስ የወጣውን ሸክላ ሳንገዛ እስከ መጨረሻው እንሰማለን፤ ባለቤቱም አያባርረንም። ቅዳሜ ከሰዓት በእግራችን ከስድስት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር እንወጣለን። ያኔ መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ በግራና ቀኝ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ እንጦጦ። ዛሬ ያን መንገድ በሚኒባስ ስወጣ ግራ እገባለሁ፤ አስፋልቱ ሰፍቷል፣ መብራት ተተክሏል፣ እንደ ምልክት የያዝኳቸው በሮች የሉም። አንድ መታጠፊያ ብቻ ነው የማልስተው፤ ወደ ቀበና ወንዝ የሚወርደውን ቁልቁለት። የታምሩ እህት ቤት እዚያ ነው።

እህቱ እትዬ አስካለ ይባላሉ። እናትና አባታቸው ቀደም ብለው ስለሞቱ ታምሩን ያሳደጉት፣ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። መስኮት ሥር ባለች በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ቤት ስንደርስ ገና ሳንቀመጥ ቀና ብለው «ዛሬስ ምን ገደላችሁ?» ይሉናል፤ ሥራችን ለእሳቸው ትል መግደል ነበር። ታምሩም ቁጭ ብሎ ያስረዳቸዋል። ባሕር አይተው አያውቁም፤ እሱ ስለ ባሕር ሲያወራ ግን መኪናዋን መርገጥ ያቆማሉ።

ወደ ባሕሩ የሄድነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በአውቶቡስ አስመራ፣ ከአስመራ በሊቶሪና ባቡር ገደል ለገደል ወርደን ምጽዋ ደረስን። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ጠዋት ጠዋት በተጋለጠው ድንጋይ ላይ ሱሪያችንን ሰብስበን እንዞራለን፤ የሞተ የዛጎል ድንጋይ እየገለበጥን ሥሩን እናያለን፣ አይተን እንደነበረ እንመልሰዋለን። ብዙ ቀን ያገኘነው የታወቀ ነገር ነበር። አንድ ጠዋት ታምሩ ከሩቅ ጮኸ።

«ሰናይት! ቶሎ ነይ! እንዳትረግጪው ብቻ!»

ሄጄ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ። ድንጋዩ ሥር በቀረው ውኃ ውስጥ የእጄን መዳፍ የማያክል ነገር ተዘርግቷል። እንደ ቅጠል ስስ፣ እንደ ከፋይ ጥቁር፤ ዳር ዳሩ የተሸበሸበ፣ በሽብሽቡም ላይ ቀጭን ብርቱካናማ መስመር የዞረበት። ጀርባው ላይ አመድ የመሰሉ ነጠብጣቦች አሉት። ታምሩ ውኃውን በጣቱ ሲነካው ትሉ ከድንጋዩ ተነሣና ዳሩን እያወዛወዘ ዋኘ።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«አላውቀውም» አለኝ።

ታምሩ የባሕር ጠፍጣፋ ትል የተጻፈበትን መጽሐፍ ሁሉ በቃሉ የያዘ ሰው ነበር። «አላውቀውም» ሲል እየሳቀ ነበር፤ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ይህን ዓይነት ትል ማግኘት ቀላሉ ነው፤ ማቆየት ነው ጭንቁ። በእጅ ሲነኩት ይቆራረጣል፤ አልኮል ሲያፈሱበት ተጨማትሮ ይጠቀለላል፤ ዝም ሲሉት በሰዓታት ውስጥ እንደ አጥሚት ይሟሟል። ከዚያ ጠዋት በኋላ ያገኘናቸው አብዛኞቹ እጃችን ላይ ቀለጡ። በመጨረሻ ታምሩ አንድ መላ አመጣ። ከወደቡ በረዶ ገዛን፤ ከጨው ማድረቂያው ጨው አመጣን፤ በረዶውን ከጨው ጋር ስንቀላቅለው ብርዱ በረታና በሳህን ያስቀመጥነው ፎርማሊን፣ ሬሳ እንዳይበሰብስ የሚያደርገው መድኃኒት፣ ረጋ። ትሉን በወረቀት ላይ እንዲሳብ አድርገን፣ እንደተዘረጋ ሳለ ከነወረቀቱ የረጋው ፎርማሊን ላይ አስተኛነው። ሳይጨማተር ሞተ። በዚህ መንገድ ሁለት ትሎች ሙሉ ሆነው ተረፉልን። ሞቶ ሲያድር ቀለሙ እንደሚጠፋ ስለምናውቅ እኔ አስቀድሜ በሕይወት ሳለ በውኃ ቀለም ሥዬው ነበር። ላቤ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ታምሩ በጋዜጣ እያራገበልኝ፣ ያን ብርቱካናማ መስመር ያለችኝን ቀለም ሁሉ ጨርሼ አወጣሁት።

አዲስ አበባ ስንመለስ ትልቁ ሥራ ተጀመረ። አንድ ፍጥረት አዲስ ነው ለማለት መልኩ አይበቃም። ዓይኖቹ ከአንጎሉ በላይ እንደ ቅንጣት ተበትነው ነው ያሉት፤ አሰፋፈራቸው ከዘር ዘር ይለያል። ከዚያም ይልቅ የሚለየው ሆዱ ውስጥ ያለው ነው፤ ይህ ትል ወንድም ሴትም ነው፣ የወንዱና የሴቱ አካል እንዴት እንደተደራጀ ሳይታይ ማንነቱ አይታወቅም። ለማየት ደግሞ ከሁለቱ አንዱን መሠዋት ነበረብን። ትሉን በሰም ውስጥ ቀብረን በመሣሪያ ከፀጉር በሚቀጥን ቁራጭ ቆራረጥነው፤ ቁራጩን ሁሉ በቅደም ተከተል በመስተዋት ላይ ደርድረን፣ ቀለም አጠጥተን፣ በማይክሮስኮፕ እያየሁ እያንዳንዱን ሣልኩ። የተቆረጠውን ሰውነት በወረቀት ላይ መልሼ እንደ መስፋት ነበር። ሌላኛው ሙሉው ትል በመስተዋት ብልቃጥ አልኮል ውስጥ ተቀመጠ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ አዲስ ስም ሲወጣ ስሙን የሚሸከም፣ ማንም ተጠራጣሪ መጥቶ ሊያየው የሚችል አንድ ናሙና መኖር አለበት። ታምሩ የታወቁትን የትሉን ዘመዶች ሁሉ እያነበበ አንድ በአንድ ያስወጣ ነበር። «ይኼም አይደለም» ይላል፤ መጽሐፉን ይዘጋል፤ ሌላ ይከፍታል። አንድ ቅዳሜ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠን ከተማውን ወደ ታች እያየን «እንግዲህ ምን እንበለው?» አልኩት። «ስም መጨረሻ ላይ ነው» አለኝ። «ስሙን ቀድመሽ ከወደድሽው ስህተትሽን አታይም።»

መጨረሻው ላይ አልደረስንም። ጊዜው ተበላሸ። የትኛው ወር ላይ እንደተበላሸ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ የማውቀው መጀመሪያ የቅርንፉዱ ዘይት አልቆ ሌላ እንዳልመጣ ነው፣ ከዚያ አልኮሉ ቀረ፣ ከዚያ ተማሪው ቀረ። ያኔ ሰዎች ከሥራ ሲለያዩ «በሰላም ግባ» የሚሉት ከልባቸው ነበር። ሸክላ የሚያሰሙት ሱቆች መዝጊያቸውን በጊዜ ያወርዱ ጀመር። ታምሩ አፍሮውን ተቆረጠ። አንድ ጠዋት ከፈረንሳይ ተነሥቶ ወደ ሥራ ሲመጣ አልደረሰም። ማን ያዘው፣ ለምን ያዘው፣ የነገረን የለም። እትዬ አስካለና እኔ ስንቅ ይዘን ከቀበሌ ቀበሌ፣ ከእስር ቤት በር እስር ቤት በር ዞርን፤ በየበሩ ያለው ዘበኛ ስሙን ሰምቶ ይገባል፣ ይመለስና «እዚህ የለም» ይላል። እሳቸውም «ግድየለም ልጄ፣ ምናልባት ሲመጣ ይብላው» ብለው ምግቡን ለመተው ይለምናሉ። አንድም ቦታ አልተቀበሏቸውም። በዚያው ሰሞን የእኛ ክፍል ለሌላ ሥራ ተፈልጋ መደርደሪያው ሁሉ ተራግፎ ጠበቀኝ። ሙሉው ትል ያለበትን ብልቃጥ ብፈልግ አጣሁ። ከሌላው ጋር ተጥሏል ብዬ ደመደምኩ። ሥዕሎቼ ቤቴ ስለነበሩ ተረፉ።

ከዚያ ወደ አርሲ ተመደብኩ፤ አስተማርኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ስመለስ የካ ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባሁና እስከ ጡረታ እዚያው አስተማርኩ። ባሕሩም ከእኛ ራቀ። እትዬ አስካለን በየዓመት በዓሉ እጠይቃለሁ። ጥቁር አልለበሱም፤ ተዝካር አላወጡም፤ ፍትሐት አላስፈቱም። ሰው ሲመክራቸው «ያልሞተ ሰው እንዴት ይፈታል?» ብለው ወደ ስፌታቸው ይመለሳሉ። ቤታቸው ስገባ አንዳንዴ የአረቄ ሽታ ይሸተኛል። ሰፈሩ ውስጥም ሴትዮዋ ቤት ዘግታ ትጠጣለች ይባል ነበር፤ ዳግም የሚሉትን ኃይለኛ አረቄ ከጎረቤት ስታስገዛ ያላያት የለም ይሉ ነበር። ያ ሁሉ ሐዘን ነው ያመጣባቸው ብዬ አዝን ነበር እንጂ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ስልክ ደወለችልኝ። ሄለን ትባላለች፤ ክፍል ውስጥ እጇን የማታወርድ ልጅ ነበረች፣ አሁን በእንስሳት ጥናት ዶክተር ሆና ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። «ቲቸር፣ አንድ አሮጌ ቁም ሣጥን ውስጥ የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ያለበት ስላይድ አገኘሁ፤ ይኼ ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ። የተቆረጠው ትል ነበር፤ ከነቀለሙ። ሥዕሎቼን ይዤ ሄድኩ፤ ሁለታችን ስናያይ ዋልን። በመጨረሻ ሄለን መነጽሯን አወለቀች። «አዲስ ይመስለኛል ቲቸር። ግን ሙሉው ናሙና ከሌለ በስላይድ ብቻ ማንም አያምነንም። ባሕሩ ጋ ሄደን ሌላ አናመጣ ነገር።» ስላይዶቹን መልሰን ዘጋናቸው። ነገሩ እዚያው ላይ ሞቶ ነበር።

ያን ቀን ከጥርስ ሐኪሟ ወጥቼ ወደ ቤቴ መሄድ አልቻልኩም። አፌ ደንዝዞ፣ ሽታው ምላሴ ሥር እንዳለ፣ ፈረንሳይ የሚል ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። እትዬ አስካለ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ መስፋት ከተዉ ቆይቷል። ከአጠገባቸው ተቀምጬ የሆነውን ነገርኳቸው፤ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ትሉ፣ ሄለን ስላገኘችው። ያ ሙሉው ትል ባይጣል ኖሮ የታምሩ ሥራ ዛሬ ለዓለም ይወጣ ነበር አልኳቸው። ግድግዳውን ይዘው ተነሡና ወደ ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ እቅፋቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። ጨርቁን ፈቱት።

ብልቃጡ ነበር። ፈሳሹ እስከ አፉ ሞልቷል። ውስጡ፣ ያኔ ባስተኛንበት ወረቀት ላይ፣ ቀለሙ ጠፍቶ ግራጫ ሆኖ፣ ዳሩ እንደተሸበሸበ ትሉ ተዘርግቷል።

«እትዬ!» አልኩ።

«ከመሄዱ ቀደም ብሎ ነው ያመጣው» አሉኝ። «"እቴቴ፣ ሥራ ቦታ አልኮል የለም፣ እዚያ ከቆየ ይደርቅብኛል። ሲጎድል ኃይለኛ አረቄ ጨምሪበት። እኔ እስክመጣ ለማንም አታሳዪ፣ ለማንም አትስጪ" አለኝ። ይኸው ስጨምርበት ኖርኩ።»

«አረቄው ለዚህ ነበር?»

«ታዲያ ለማን ነው? እኔማ ቀምሼውም አላውቅ። ሰዉ ሰካራም ሲለኝ ዝም አልኩ፤ ምን ልበል? ላሳያቸው?» ፈገግ አሉ። «አሰሳ የመጡ ጊዜም አልጋ ሥር አገኙት። አንዱ ጎረምሳ ከፍቶ አሸተተው። "ይኼ ምንድን ነው?" አለኝ። "ከሆዴ የወጣ ነው ልጄ፣ ኮሶ ጠጥቼ፤ ለሐኪም ላሳይ ነው" አልኩት። እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ወጣ። ሌላውንም ሳይፈትሹ ሄዱ።»

ሳቅኩ፤ አለቀስኩም። ከዚያ ብልቃጡን ለመቀበል እጄን ስዘረጋ ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«አይ። እሱ እስኪመጣ ነው ያለኝ» አሉ።

ፊታቸውን አየሁ። ከሰማንያ ዓመት ወዲያ ያሉ ሴት ናቸው። ታምሩ አይመጣም ብሎ ማን በአፉ ሊነግራቸው ነው? ያን ሁሉ ዓመት ማንም ያልነገራቸውን እኔ ለአንድ ትል ብዬ አልናገረውም አልኩ። ጨርቁን መልሼ አለበስኩላቸው፣ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ለሄለንም ወዲያው አልነገርኳትም። መሪ ከሚገኘው ቤቴ በረንዳ ላይ ሆኜ የእንጦጦን ተራራ ሳየው ግን ልቤ እዚያ ቁልቁለት ላይ ይውል ነበር።

ስልኩ የተደወለው ከመስቀል በኋላ ነው። ጎረቤታቸው ነበረች ደውላ ያገናኘችኝ። «ሰናይት» አሉ እትዬ አስካለ፤ ድምፃቸው የደከመ ነበር። «ነይ ውሰጂው።»

ስሄድ ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ አውጥተው፣ አዲስ ጨርቅ አልብሰው፣ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ጠበቁኝ። «ሳስበው ሰነበትኩ» አሉኝ። «እኔ ስሞት ማን አረቄ ሊጨምርበት ነው? ይደርቃል። እሱ ደግሞ እንዳይደርቅ ነበር ያለኝ።» «አይመጣም ሰናይት። የማላውቀው መሰላችሁ? ይኼን ይዤ እያለሁ ግን ሥራው አላለቀም፣ ሥራው ካላለቀ ይመለሳል እል ነበር። አንቺ ጨርሽለት።» ብልቃጡን በሁለት እጃቸው አንሥተው ሰጡኝ። ከእጃቸው ሲለቀቅ ጣቶቻቸው ለጊዜው እንደታጠፉ ቀሩ፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከወንዙ በኩል የሕፃናት ጫጫታ ይሰማ ነበር።

ሄለን ብልቃጡን ስታይ ጠረጴዛዋን ይዛ ቆመች። «በአረቄ? ኦ ማይ ጋድ፣ ቲቸር፣ በአረቄ ነው የቆየው?» ዳሩ ትንሽ ለስልሷል፣ ሌላው ግን ደህና ነበር፤ ዓይኖቹ እንኳ በማይክሮስኮፕ ሥር ቦታቸው ላይ ተገኙ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጭንቀት እኔ ነኝ የማውቀው። በመሃሉ ባለፉት ዓመታት በዓለም ዳር ስንት ሰው ስንት ትል ገልጿል! አንዱ ቀድሞ ይኼንኑ ሰይሞት ቢሆንስ? ሄለን በኮምፒውተር፣ እኔ በአሮጌ መነጽሬ፣ ታምሩ ይሠራው የነበረውን ማስወጣት ከተወበት ቀጠልን። አንድ ቀን ከሌላ ባሕር የተገለጸ በጣም የሚመስለው ተገኘ፤ ብርቱካናማ መስመሩም አለው። ሄለን ፊቷ ጠቆረ። ዓይኖቹን ስናስተያይ ግን የዚያኛው በአንድ ክምር ነው፣ የእኛው በሁለት ተከፍሏል። ሆዱንም ስናይ የወንዱ አካል በእኛው ላይ ጥንድ ነው። «ይኼም አይደለም» አለች ሄለን። ታምሩን አታውቀውም፤ እሱ እንደሚለው ነው ያለችው።

ጽሑፉ ሲያልቅ ስም ቀረ። «በጋሽ ታምሩ ስም እንሰይመው» አለች ሄለን። «ሁሉም የሚያደርገው እንደዚያ ነው።»

«አይሆንም» አልኳት። «ታምሩ መታሰቢያ የሚቆምለት ሟች ብቻ አይደለም፣ ሠሪው ነው። ሠሪ ደግሞ በራሱ ስም አይሰይምም። የገላጩ ስም ከትሉ ስም ኋላ እንደ አባት ስም አይጻፍም? የእሱ ቦታ እዚያ ነው፤ ከእኛም ፊት።»

«እና ትሉን ማን እንበለው?»

ማን እንደምለው ከብልቃጡ ጋር ቁልቁለቱን ስወጣ ነበር የወሰንኩት።

ጽሑፉ ታትሞ የወጣ ሰሞን ሄለንና እኔ ወረቀቱን ይዘን ፈረንሳይ ሄድን። ትሉ በሕይወት ሳለ የሣልኩት ሥዕል ፊተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ብርቱካኑ እንደዚያው ነው። እትዬ አስካለ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩ። «እንዲህ ያምር ነበር? እኔማ አመድ የመሰለውን ብቻ ነው የማውቀው» አሉ።

«ስሙን ላንብብልዎት?» አልኳቸው። በላቲን የተጻፈውን ጣቴን እያስከተልኩ አነበብኩ፤ አስካለ የሚለውን ሲሰሙ ቀና አሉ።

«ማን አልሽ?»

«የእርስዎ ስም ነው፣ እትዬ።»

«ትሉን? በእኔ?» ዓይናቸውን ወደ ሄለን፣ ከሄለን ወደ እኔ መለሱ። «ከሆዴ ወጣ ብዬ ዋሽቼ እግዜር ቀጣኝ በሉኛ!» ሄለን አፏን ይዛ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ፤ ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ወረቀቱን እንደያዙ «የታምሩስ? የሱ ስም የታለ?» አሉ።

«ይኸውልዎት፣ ከእርስዎ ስም ቀጥሎ» አልኳቸው። ጣታቸውን ይዤ ቃሉ ላይ አሳረፍኩት። «አስካለ፣ ከዚያ ታምሩ። እኔና ሄለን ከሱ ኋላ ነን። ከእንግዲህ ይኼን ትል የሚጠራ ሁሉ፣ የትም አገር ቢሆን፣ እንዲህ ነው የሚጽፈው።»

«አስካለ ታምሩ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ አሳድጌው አባቴ ሆነ።» ጣታቸውን ከቃሉ ላይ አላነሡም። ፊታቸውን ሳያዞሩም፣ «እሑድ ፍትሐት አስፈታለታለሁ። ሁለታችሁም ኑ» አሉን።

ከሰፈሩ በላይ፣ እንጦጦ ወገብ ላይ ባለችው ቤተ ክርስቲያን፣ በእሑዱ ጠዋት ብርድ ተሰበሰብን። ጎረቤቶቹ ሁሉ መጥተዋል፤ አረቄውን ይሸጡላቸው የነበሩት ሴትዮም ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። ነገሩ በሰፈሩ ተዳርሶ ነበር፤ እትዬ አስካለን የሚያልፍ ሁሉ ዝቅ ብሎ ይስማቸዋል። ቄሱ ጠጋ ብለው «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ሲሉ ወደኔ አዩ። እኔ አላውቅም። አብሬው የሠራሁ፣ አብሬው ባሕር የወረድኩ፣ ቀበሌ ለቀበሌ ስንቅ ይዤ ስሙን የጠራሁ ሰው፣ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

«ፍሥሐ ጽዮን» አሉ እትዬ አስካለ።

ቄሱ ስሙን ተቀብለው ከፍ አድርገው ጠሩት። ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ጥለው ጮኸው አለቀሱ፤ ሰፈሩ ለወንድማቸው ሲያለቅሱ የሰማቸው ገና ያን ቀን ነው። ሴቶቹ ከግራም ከቀኝም ደግፈው ያዟቸው፣ አብረዋቸውም አለቀሱ።